የወፍጮ ቤት አንድምታ

ልጅ ሆኜ ወንጌል ስለ አክስቴ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ምን ላድርግ፣ እንዲህ ያሉኝ ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው። አንድ ቀን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወንጌል ማለት የምስራች ማለት ነው አሉኝ። የእናቴ ታናሽ እህት ደግሞ ስሟ የምስራች ነው። እንግዲህ የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ትበል? ማቴዎስም፣ ማርቆስም፣ ሉቃስም፣ ዮሐንስም ተራ በተራ ስለ አክስቴ ጽፈዋል ማለት ነው። ብዙም አልገረመኝም። የምስራች ቆንጆ ነበረች፤ ስትስቅ መንገደኛ ዞር ብሎ ያያታል። አራት ሰው ቢጽፍላት ምን ይደንቃል።

አገሩም ራሱ ያሳስት ነበር። የምንኖርበት ከተማ ዛሬ አዳማ ነው፤ ያኔ ግን በቤታችን ናዝሬት ነበር የምንለው። ጌታ ያደገው ናዝሬት ነው ሲባል እኔ የሚታየኝ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሜዳ ነው፤ እዚያ ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች ጋር። ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ፣ ሞጆ ከታለፈ በኋላ የሚገኘው ከተማ ደግሞ፣ የአሁኑ ቢሾፍቱ፣ ደብረ ዘይት ይባል ነበር። ጌታ ደብረ ዘይት ተቀምጦ ስለ መጨረሻው ቀን ተናገረ ሲሉኝ፣ በአውቶቡስ ሄዶ ሐይቁ ዳር አረፍ ብሎ ነበር የማየው። የዛሬ ልጆች ከተሞቹን በተመለሰላቸው የጥንት ስማቸው ስለሚያውቋቸው እንዲህ ያለ ስህተት አይሳሳቱም። አንዳንዴ ያሳዝኑኛል።

ጋሽ ወልደአማኑኤል የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነበሩ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው የመጻሕፍት ትርጓሜ ጀምረው ነበር፤ ሳይጨርሱት ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተቀጠሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ወፍጮ ተከሉ። ከትርጓሜ ቤቱ ይዘዋት የቀሩት አንዲት ቃል ናት፤ «አንድም»። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ሲፈቱ ከፍቺ ወደ ፍቺ የሚሻገሩባት ቃል ናት፤ እንዲህ ማለት ነው፣ አንድም እንዲህ ማለት ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ግን ለሁሉም ነገር አንድም ነበራቸው። መብራት ሲጠፋ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ነው፣ አንድም ኃጢአታችን በዝቶ ነው ይላሉ። የኔ ስም ኮከብ ነው፤ ከጎረቤት የዘይቱን ዛፍ ላይ የወደቅኩ ጊዜ፣ እናቴ ጉልበቴን እያጠበች ስትቆጣኝ፣ እሳቸው በሩ ላይ ሆነው ከዋክብት ይወድቃሉ የተባለው ይኸው ተጀመረ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ለሁለት ቀን ሰማዩን ሳይ ሰነበትኩ።

እናቴ መሰለችና የምስራች የሚሠሩት እዚያ ወፍጮ ቤት ነው። አባቴ እኔ መዳህ ሳልጀምር ስለሞተ፣ ለኔ ቤተሰብ ማለት እነሱ ሁለቱ ናቸው። አንዷ ከላይ እህሉን ታፈሳለች፣ አንዷ ከታች ዱቄቱን በጆንያ ትቀበላለች። ሥራ ሲያበቃ ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ናቸው፤ ቅንድባቸው ሳይቀር። ወፍጮው ከተነሳ ደግሞ ወሬ ሁሉ በጩኸት ነው፤ ግማሹን ቃል ሞተሩ ይውጠዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ የተረፈውን ግማሽ እሰማለሁ። ስለ ትልልቅ ሰዎች የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከዚያ ትራፊ ነው።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ደብረ ዘይት የሚባል እሑድ አለ፤ ስለ መጨረሻው ቀን የሚነበበው ያን ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴና አክስቴ ፊት ፊት ሄዱ፣ እኔ የጋሽ ወልደአማኑኤልን ከዘራ ይዤ ከኋላ ቀረሁ። የተነበበውን ይደግሙልኝ ጀመር። ሁለት ሴቶች በወፍጮ ይፈጫሉ፤ አንዲቱ ትወሰዳለች፣ አንዲቱ ትቀራለች።

ክው አልኩ። በከተማው ስንት ወፍጮ ቤት እንዳለ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው አንድ ነው። እዚያ የሚፈጩትም ሁለት ሴቶች ናቸው።

«የምትወሰደው የትኛዋ ናት?» አልኳቸው።

የተዘጋጀችው ናት አሉኝ፤ ነጭ የለበሰችው። መቼ ነው ስላቸው፣ አይታወቅም፣ ድንገት ነው፣ መለከት ሲነፋ ነው አሉኝ። መለከት ምንድነው? ጡሩምባ ነዋ። ይህን ብለው ከዘራቸውን ተቀብለውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔን ያስፈራኝ አንድም ሳይሉ መግባታቸው ነው። ሌላ ፍቺ የለውም ማለት ነው።

ከእናቴና ከአክስቴ የትኛዋ እንደምትወሰድ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። እናቴ ሚዛን ላይ ከአስፈጪ ጋር ትጣላለች፣ ስትናደድ አፏ አይጣል ነው። የምስራች ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፣ ሰው ተናግራ አታውቅም። የምትሄደው ወደ ሰማይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጥሩ ቦታ ነው። ግን አብራኝ የምትተኛው፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጀርባዬን የምታክልኝ እሷ ናት። እንድትሄድብኝ አልፈለግኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይቱ ጤፍ ሊያስፈጩ መጡና ከእናቴ ጋር በሞተሩ ላይ መጯጯህ ጀመሩ። እኔ ጆንያዬ ላይ ነኝ።

«...የምስራችን ሊወስዳት ነው አሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ...»

«...ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ድንገት ነው እንጂ...»

«...ከደብረ ዘይት...»

«...መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ...»

ሁሉም ልክክ አለ። ከደብረ ዘይት ነው የሚመጣው። ድንገት ነው። ነጭ ለብሰው በዙፋኑ ዙሪያ ስለሚቀመጡት ሃያ አራት ሽማግሌዎች ጋሽ ወልደአማኑኤል ነግረውኛል። የምስራች በዓለም ሁሉ ይሰበካል፣ ከዚያ መጨረሻው ይመጣል ብለውኝም ነበር፤ ይኸው ሰፈሩ ሁሉ ስለ የምስራች ነው የሚያወራው።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ፊት ለፊቴ ነበር። ቀልቤሳ የሚባል፣ ነጭ አይሱዙ የሚነዳ ልጅ፣ ከደብረ ዘይት ጤፍ እየጫነ ለናዝሬት እህል ነጋዴዎች ያመጣ ነበር። አራግፎ ሲያበቃ አንዲት ፌስታል ጤፍ ይዞ ወፍጮ ቤቱ ይመጣል፤ ያቺን ፌስታል ለማስፈጨት ግማሽ ቀን ይቆማል። ለኔ ከረሜላ ይሰጠኛል፣ ከየምስራች ጋር ግን ሁለት ቃል ለመነጋገር ጆሮው እስኪቀላ ያፍራል። እኔ ሰነፍ ሹፌር ነበር የመሰለኝ።

አክስቴን ለማስቀረት የቻልኩትን ሁሉ አደረግኩ። መጀመሪያ ነጭ እንዳትሆን ወደ በርበሬው ወፍጮ እንድትዛወር ለመንኩ፤ ጋሽ ወልደአማኑኤል ምን አገባሽ አሉኝ። ቀጥሎ ጽድቋን ትንሽ ለመቀነስ አሰብኩና የጾም ሽሮዋ ውስጥ ቅቤ ጨመርኩ። የምስራች ወደ አፏ ከማስገባቷ በፊት ሸተታት። ጎርሳው ቢሆን ኖሮ ንስሐ ልትገባ ነበር። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ለምን እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። የምስራች ግን ሳቀችና፣ «ተያት፣ ሲኦል አብሬያት እንድወርድላት ፈልጋ ነው» አለች። እንዴት እንዳወቀች ገረመኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ።

እናቴ ገበያ ወጥታለች፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ለቅሶ ሄደዋል፣ የምስራች ጓሮ ፀጉሯን ትታጠባለች። በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። ሦስት ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጢማቸው ነጭ ነው፣ ዘንግ ይዘዋል። ሃያ አራት አለመሆናቸውን አይቻለሁ፤ ሌሎቹ ዙፋኑን የሚጠብቁ መሰለኝ።

በዕድሜ የሚበልጡት፣ ኋላ ኦቦ ያደታ መሆናቸውን ያወቅኳቸው ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብለው የነየምስራች ቤት ይሄ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነው አልኩ። ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው ከደብረ ዘይት አሉኝ።

«የምስራች ተወስዳለች» አልኳቸው።

«ተወስዳለች?» አሉ ኦቦ ያደታ። «ማን ወሰዳት?»

«ሙሽራው።» ይህም ከጋሽ ወልደአማኑኤል የሰማሁት ነው፤ ሙሽራው በድንገት ይመጣል ይሉ ነበር።

«ወዳ ነው የሄደችው?»

«እየዘመረች» አልኩ።

እርስ በእርስ ተያዩ። በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተነጋገሩ፣ አንደኛው ደረቱን በመዳፉ መታ። ኦቦ ያደታ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ እደጊ ልጄ፣ ብለው መረቁኝና ወደ አስፋልቱ ወረዱ። በሩን ዘግቼ ጀርባዬን አስደገፍኩበት። የሰማይ ሽማግሌዎችን ብቻዬን መልሻለሁ! እንዲህ ያለ ነገር በዓለም የሠራ ልጅ የለም፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ የሰማይ ምስጢር ነዋ።

ከዚያ በኋላ ግን የምስራች ከፋት። ነጩ አይሱዙ መምጣቱን ተወ። መኪና በቆመ ቁጥር አንገቷን ታወጣለች፣ ትመለሳለች። መዝሙሩም ቀረ። አንድ ቀን ዱቄት የነካው ፊቷ ላይ እንባዋ ሁለት መስመር ሠርቶ አየሁ፤ ዱቄት ገብቶብኝ ነው አለችኝ። እኔ አድኛታለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች። ነገሩ አልገባኝም።

እትዬ ፀሐይቱ እንደገና ጤፍ ይዘው መጡ። እናቴ ከላይ ሆና ጮኸችላቸው።

«...ቀረ እኮ። ሰውም አልላከም። የምስራች ቀረች!»

ደስ አለኝ። ቀረች! ልነሳ ስል ግን የጥቅሱ ሌላው ግማሽ ትዝ አለኝ። አንዲቱ ከቀረች፣ አንዲቱ ትወሰዳለች። ቀና ብዬ አየሁ። እናቴ ከላይ ቆማ እህል ታፈሳለች፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ቀሚሷ ነጭ።

እየሮጥኩ ጋሽ ወልደአማኑኤል ጋ ደረስኩ፤ በሩ ላይ መጽሐፋቸውን ዘርግተዋል። ሞተሩ ስለሚጮህ እኔም ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ፣

«እማዬ እንዳትወሰድ! የምስራችን ሊወስዷት የመጡትን ሽማግሌዎች ተወስዳለች ብዬ መለስኳቸው!»

ከ«ሊወስዷት» በኋላ ያለውን ሁሉ የተናገርኩት በጸጥታ ውስጥ ነው። መብራት ጠፋ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ፣ የኔ ድምፅ ግን ቀጠለ። አስፈጪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የምስራች የያዘችው ጆንያ ከእጇ ወደቀ።

እናቴ ጫማዋን እያወለቀች ከላይ ወረደች። ጋሽ ወልደአማኑኤል ግን ከዘራቸውን በመሃላችን ዘረጉ። «አትንኪያት፣ መሰለች። አንድም ሳልላት የገባሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከመጀመሪያው ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ ወፍጮው፣ ስለ ነጩ ልብስ፣ ስለ ደብረ ዘይት፣ ስለ ቅቤውም ሁሉን ዘከዘክሁ። የምስራች ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ኋላ የቱን እያደረገች እንደሆነ መለየት አልተቻለም። እትዬ ፀሐይቱ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ተነሱ። ደብረ ዘይት እሄዳለሁ አሉ፣ ኮከብንም እወስዳታለሁ። እናቴ ደነገጠች። የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ የት ታይቷል፣ ሰው ምን ይለናል፣ ለምነው ዳሩ ይሉናል አለች።

«እኔ ሽማግሌ ሆኜ አልሄድም» አሉ። «ተርጓሚ ነኝ።»

ዱቄታችንን እንኳ ሳናራግፍ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሞጆን ስናልፍ እጄን ይዘው አስረዱኝ። መወሰድ ማለት እግዚአብሔር ቅዱሳኑን ሲሰበስብ ነው፤ አንድም አንዲት ልጅ ስታገባ ነው። ሽማግሌ ማለት በሰማይ ያሉት ናቸው፤ አንድም ልጃችሁን ለልጃችን ብለው የሚለምኑት ናቸው። ወንጌል ማለት የምስራች ነው፤ ይህቺኛዋ የምስራች ግን አክስትሽ ብቻ ናት፣ ከመጽሐፉ ውስጥ የለችበትም። ይሄኛው ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ደብረ ዘይት ስንወርድ ዘይት የሚፈስበት ተራራ ፈለግኩ። አጣሁት። ያገኘነው ግቢ፣ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ኦቦ ያደታን ነው። የቀልቤሳ አጎት ናቸው። ዱቄት የለበሱ ሽማግሌ ዱቄት ከለበሰች ልጅ ጋር ሲመጡ አይተው፣ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኑ ግቡ» ብለው ተነሱ፣ እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ «ተናገሪ» አሉኝ። ተናገርኩ። ኦቦ ያደታ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እና እኔ ማን መሰልኩሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ከሃያ አራቱ አንዱ።»

ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ድምፅ የወጣቸው ቆይተው ነው። ቤት ውስጥ ወዳለው ሰው በኦሮምኛ ተጣሩ። ቀልቤሳ ወጣ፤ ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሲነገረው ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ማንም አልወሰዳትም?»

«ማንም። ታለቅሳለች እንጂ።»

«ታለቅሳለች?» አለና ፊቱ በራ። አክስቴ በማልቀሷ እንዲህ የተደሰተ ሰው ሳይ ተናደድኩበት፤ ከረሜላውን ግን ተቀበልኩ።

የመለሰን ቀልቤሳ ነው፣ በነጩ አይሱዙ። ኦቦ ያደታ ሽማግሌዎቹን ይዘው ተመልሰው እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል። ጋሽ ወልደአማኑኤል መንገድ ሙሉ ለቀልቤሳ ሲያስጠነቅቁት ነበር፤ ሽማግሌ ሳይቀድምህ በሩን እንዳትረግጥ፣ ከመኪናህ እንዳትወርድ። ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። መብራት መጥቶ ሞተሩ ያጓራል፣ በሩ ላይ ማንም የለም። ቀልቤሳ መውረድ አይችልም፣ መጥራትም አፍሯል። አየኝና ወደ መሪው አስጠጋኝ።

«አንቺ ንፊው» አለኝ።

ጡሩምባውን በሁለት እጄ ተጫንኩት። ሰፈሩ እስኪንቀጠቀጥ፣ ውሾቹ እስኪጮሁ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ጆሯቸውን እስኪይዙ ተጫንኩት። የምስራች በሩ ላይ ወጣች። ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ናት። ቀልቤሳን አየች፣ ሻሿን በጥርሷ ነክሳ ወደ ውስጥ ሮጠች፣ ተመልሳ ወጣች። ከኋላዋ እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማ ትስቅ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ። እናቴ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጥታ መለሰቻቸው፤ እኔ እንዳልሰጋ ግን ኦቦ ያደታ ሲወጡ ጠቀሱኝ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የምስራች ተወሰደች፤ እየተዘፈነላት፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። እኔም አለቀስኩ። የምትሄደው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ብለው አባበሉኝ፤ የዚያን ምሽት ግን ጀርባዬን የምታክልኝ እናቴ ሆነች። እጇ ሻካራ ነበር፣ ቶሎ ለመድኩት።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ዛሬ በጣም አርጅተዋል፣ አንድም ማለታቸውን ግን አልተዉም። ወፍጮ ቤቱን የምታስተዳድረው እናቴ ናት። የምስራች ሦስት ልጆቿን ይዛ በየበዓሉ ትመጣለች፤ ይህንን ታሪክ ሳታወራ ሄዳ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ግን የማላውቀውን ጨመረችበት። ከዚያ ጾም በፊት በነበረው ዓመት ለእናቴም ሽማግሌ መጥቶ ነበር አለችኝ፤ ከመተሐራ፣ አስተማሪ፣ ደህና ሰው። እናቴ ሰውየውን ወዳው ነበር። ልጅቷን ለጊዜው ለአያቶቿ ስጪ ሲሏት ግን ሽማግሌዎቹን በር ድረስ ሸኝታ ተመለሰች፤ በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ወፍጮ ቤት ገባች።

እናቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሰውየው ሲያወራ ያፏጫል ብላ ልትሸውደኝ ሞከረች። አልተውኳትም። ዱቄቷን ከእጇ አራገፈች።

«ጋሼ ያልደረሱበት አንድም አለ» አለችኝ። «ትቀራለች ማለት ተረሳች ማለት አይደለም። አልሄድም አለች ማለት ነው።»

ዘንድሮም በደብረ ዘይት እሑድ ጎን ለጎን ቆመን ሰማን። ካህኑ «አንዲቱ ትወሰዳለች» ሲሉ ምእመናኑ በረጅሙ ተነፈሱ። «አንዲቱም ትቀራለች» ሲሉ እናቴ ዓይኗን ካህኑ ከያዙት መጽሐፍ ሳትነቅል በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።